ሦስተኛው ጨርቅ

በጳጉሜን ሦስት ቀን፣ በዓመቱ መለዋወጫ፣
አውቶፓርኮ ሰፈር፣ ከጋራዣችን መውጫ፣
ሣጥኑን ፈታሁት፤ በሲባጎ የታሰረ፣
አውቶቡስ ጣራ ላይ ዓባይን የተሻገረ።
ረዳቱ ሲያወርድልኝ አገላብጦ አየና
«የብረት ቀንድ አውጣ!» አለ፤
አልተሳሳተም፤ ቱርቦ ያው ነው፣ በራሱ ላይ የተጠቀለለ።

መኪናዋ የዶክተር አዛናው ናት፤ ሁለት በር፣ ዝቅ ያለ ወገብ፣
ለሩጫ ተወልዳ፣ በኮብልስቶን የተንፏቀቀች፣ ሩጫዋን ሳትጠግብ።
በወጣትነቷ ቀይ፤ ዛሬ የበርበሬ እጣቢ መስላለች፣
ከአዘዞ ሽቅብ ስትመጣ፣ መንገድ ላይ እየቆመች ታስላለች።

አባቴም እንዲሁ።
አርባ ዓመት ብየዳ ላይ ጎንብሶ የዋጠው ጭስ
ደረቱ ውስጥ ጎጆ ሠርቷል፤
ሦስት ቃል ይናገርና ያርፋል፣ እስኪተነፍስ።
በርጩማው ላይ ነው፤ መፍቻ ከያዘ ሁለት ክረምት አለፈው፣
እጁ ዝም ብሏል፤ ዓይኑ ነው ብሎን የሚፈታው፣ የሚያጠብቀው።

የሞተሩ ጭስ፣ ወጥቶ የሚጠፋው፣ የማንም ያልሆነው፣
በመንገዱ አንድ መዘውር ያሽከረክራል፤
የዘንጉ ሌላ ጫፍ ንጹሕ አየር ስቦ ለሞተሩ ያጎርሳል፤
የሚወጣ ትንፋሽ ለሚገባው ውለታ ይመልሳል።
ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ ያኔ ትንፋሽ ነበረው፣
ከሲጋራ ብልጭልጭ ክንፍ ቆርጦ፣ እፍ እያለ ሲያዞረው።

ጓርኒሲዮኑን አስቀመጥሁ፤ ዳዶውን በመስቀልኛ አጠበቅሁ፣
አራተኛው አልገባ ብሎ፣ ከጉልበቴ በፊት ስድቤን ጨረስሁ።
የድሮው ብሎን ጥርሱ አልቋል፤ ቶርኖ ቤት ወስጄ ሌላ አስቀረጽሁ፣
እዚያም ወረፋ፤ የወፍጮ ዘንግ ቀድሞኝ፣ እስከ ስምንት ሰዓት ቆየሁ።

«ዘይት» አለ አባቴ።
አንድ ቃል፤ ይበቃል።
ዘንጉ በደረቁ ቢዞር፣ ኩሽኔታው በቅጽበት ይቃጠላል።
በሲሪንጅ አጠጣሁት፣ ሕፃን እንደሚያጠጡ፣
በጣቴ እያዞርሁ፣ አረፋዎቹ አንድ በአንድ እስኪወጡ።

የካንዴላውን ገመድ ነቀልሁ። ቢሆነኝ ቁልፉን ያዘ።
«ላዙረው?» አለኝ።
«ቆይ» አለ አባቴ ከበርጩማው።
ተነፈሰ።
«ጨርቁ... ስንት ነበር?»
ደግሞ ተነፈሰ።
«ሦስት ወሽቀሻል። ሁለት ነው ያየሁት፣ መሬት የደረሰ።»

እጄን ሰደድሁ በአየር ቱቦው ጉሮሮ፣ እስከ ክርኔ፤
ሰማያዊ ነው፣ ከእናቴ ሻሽ የተቀደደ፣ የወሸቅሁት እኔ፤
ከአቧራ ልጠብቀው ብዬ ላንቀው ነበር እኮ፣ ወይኔ!
አልሣቀም። ጣቶቹን ብቻ አነሣ፤ ሦስት።

ሞተሩን ያለ እሳት አዞርነው፣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ፣
ከዚያ ገመዱን መለስሁ፤ ቢሆነኝ ቁልፉን ገፋ።
ጭስ! ነጭ፣ ወፍራም፣ ግቢውን ሞላ፣
ጎማ ጠጋኙ መዶሻውን ጥሎ ሮጠ ወደ ኋላ።
ያ ሁሉ ብር፣ ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ...
አባቴ አፍንጫውን በጋቢው ጫፍ ከልሎ፦
«የድሮ ዘይት ነው። ይቃጠል። አትንኪው።»
ቆመን ጠበቅን። ጭሱ ሣሣ፣
እንደ ክረምት ጉም ከቆርቆሮው ላይ ተነሣ፤
ከሥሩም ቀጭን ፉጨት ተሰማ፣ ገና ስም ያልወጣለት።

ማታ የጎሃን ዳገት ያዝሁት፤ አባቴ ከጎኔ፣ ቀበቶ ታጥቆ፣
ሦስተኛ ማርሽ፤ ኩርባው ላይ ረገጥሁ፤
ፉጨቱ ዘገየ፣ ዘገየ፣ ከዚያ መጣ፣ ጀርባችንን ከወንበሩ አጣብቆ።
አልቆመችም። አላሳላትም።

ከላይ ስንደርስ አጠፋሁ፤ ከተማው ከታች መብራቱን እየለኮሰ።
አባቴ እስከ ሆዱ የሚደርስ አየር ሳበ፤ ሳይስል መለሰ።
አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅሁ።
«ነገ ሲቀዘቅዝ» አለኝ፣ «አራቱንም ዳዶ ድገሚው።»
ከሸሚዙ ኪስ ያ ሰማያዊ ጨርቅ ብቅ ብሏል፤
መቼ እንዳነሣው አላየሁም፤ ተውሁት፣ ይዞት ይደር፣
መስኮቱን ግን ዘጋሁለት፤ ሲመሽ ይበርዳል ጎንደር።